ከሂርማታ ገበያ እስከ ጄኔቫ፦ መንግሥታት የሚገቡት ቃል ምን ያህል ያስራል?

«ሕግ ለደካማ ነው፤ ጉልበተኛን የሚያስር ገመድ ገና አልተገመደም።» ይህን አነጋገር ጅማ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊድ ደጅ ቆመው ከሚጨዋወቱ ወጣቶች አፍ ደጋግመን እንሰማዋለን። እንዲህ ቢሉም አይፈረድባቸውም። የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እስራኤል በፍልስጤም ምድር የገነባችው ግንብ ሕገ ወጥ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2004 አስታወቀ፤ ግንቡ ግን ዛሬም ቆሞ ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከአደጋ የተጠበቀች ብሎ በሰየማት በስሬብሬኒጻ እ.ኤ.አ. በ1995 ከ7,000 የሚበልጡ የቦስኒያ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ሲገደሉ የድርጅቱ ወታደሮች እዚያው ነበሩ። ያው የሄጉ ፍርድ ቤት ድርጊቱ የዘር ማጥፋት ነው ብሎ የፈረደው ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ዓለም አቀፍ ሕግ የሚባል ነገር ለመሆኑ አለ ወይ? መንግሥታትንስ ከሚፈልጉት ነገር ያግዳቸዋል ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አላሻንም። አገራችን በዓለም መንግሥታት ፊት ቀርባ በጽሑፍ ቃል ከገባችባቸው ጉዳዮች አንዱና ከባዱ፣ ዛሬ ዕቃ ልንገዛ በምንመላለስበት በሂርማታ ገበያ ሲፈጸም የነበረ ነውና። ነገሩ የሚያኮራ ታሪክ አይደለም። በሽማግሌዎች ፊት ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው ወደ ሌላ የሚዞርበት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የመንግሥታት ቃል እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚሰበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳየን ምሳሌ በአካባቢያችን አላገኘንም።

ሲየር የሚባለው ዕውቀት

ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ሲወራ ነገሩ ፈረንጆች ያመጡት ባዕድ ሸቀጥ መስሎ የሚታያቸው ወንድሞች አሉ። በዘመናዊ ትምህርት ቤት የምንማረውም ይህንኑ ያጠናክራል፤ የሕጉ አባት ሆላንዳዊው ሁጎ ግሮሺየስ ነው፣ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1625 ታተመ ይባላል። ዳሩ ግን የኢማም አቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ኢማም ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ፣ በ189 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 805) ከማረፋቸው በፊት «ሲየር» በሚባለው የፊቅህ ዘርፍ መንግሥታት በሰላምና በጦርነት ጊዜ ስለሚኖራቸው ግንኙነት፣ ስለ ውል፣ ስለ መልእክተኞች ደኅንነትና ስለ ምርኮኞች በሰፊው ጽፈዋል። ከግሮሺየስ በስምንት መቶ ዓመት ይቀድማሉ ማለት ነው። መድረሳ ቁጭ ብለን ስማቸውን ሰምተን፣ ትምህርት ቤት ስንገባ ያጣነው ብዙዎች ነን።

የዚህ ዕውቀት መሠረት ደግሞ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተግባር ነው። በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በሑደይቢያ ከቁረይሾች ጋር የአሥር ዓመት የሰላም ውል ሲደረግ፣ ከመካ ያለ ዘመዶቹ ፈቃድ ወደ መዲና የመጣ ሰው ይመለሳል የሚል አንቀጽ ገባበት። ውሉ ገና እየተጻፈ ሳለ አቡ ጀንደል በእግር ብረት እንደታሰረ እየጎተተ ደረሰ። ሰሓቦች አለቀሱ፤ ዑመር (ረ.ዐ.) ተቆጡ። ነቢዩ ግን በገቡት ቃል ጸኑ፤ አቡ ጀንደልን በትዕግሥት አጽናንተው መለሱት። ከሁለት ዓመት በኋላ ውሉን ያፈረሱት ቁረይሾች ነበሩ፤ የሙስሊሞች ቃል ኪዳን ተካፋይ የነበሩትን የኹዛዓ ጎሣ ሰዎች ያጠቁትን ወገኖች ረዱ። መካ በ8ኛው ዓመት ስትከፈት «ሙሐመድ ቃሉን አፈረሰ» የሚል ከዐረቦች አንድ ጎሣ እንኳ አልተገኘም። ልብ ማለት የሚገባን፣ ቃሉ ደካማ በነበሩበት ሰዓት ያሰራቸውን ያህል በኋላ ጋሻ ሆኖ እንዳገለገላቸው ነው። (የነጃሺንና የሰሓቦችን ስደት እዚህ ላይ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ስለተጻፈ ዛሬ እንለፈው።)

ሐሙስ በሂርማታ

ዛሬ ሂርማታ የጅማ ከተማ ሰፈር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በጊቤ ዙሪያ ከነበሩት አምስት መንግሥታት፣ ማለትም ከሊሙ ኢናሪያ፣ ከጎማ፣ ከጉማ፣ ከጌራና ከጅማ፣ እስከ ከፋ ድረስ ያለው ነጋዴ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰበሰብበት ታላቅ ገበያ ነበር። የጅማ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ. 1878) ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም በመገበራቸው አገራቸውን ከጥፋት አድነዋል። ከፋ እምቢ ብሎ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወድቅ የደረሰበትን ያየ፣ የአባ ጅፋርን ብልኅነት አይክድም። ዑለማእ ከየአገሩ እየመጡ በጅማ የተቀመጡት፣ መስጊዱና የቁርኣን ቤቱ የበዛው በዚያ ሰላም ነው። ይህን ሁሉ ልጆቻችን ያውቁታል፤ እኛም በኩራት እናስተምረዋለን።

የማናስተምረው ሌላ ነገር አለ። በሂርማታ ከቡናው፣ ከዝባዱ፣ ከዝሆን ጥርሱና ከኮረሪማው ጎን ሰውም ይሸጥ ነበር። ከከፋ፣ ከኩሎ (የዛሬው ዳውሮ)፣ ከኮንታ፣ ኋላም ከጊሚራና ከማጂ የተፈነገሉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ ያልፉ ነበር። ከፊሎቹ በዚሁ በቤትና በእርሻ ሥራ ሲቀሩ፣ ሌሎቹ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ምጽዋ፣ ወይም ወደ ታጁራና ዘይላ ተነድተው ቀይ ባሕርን ተሻግረዋል። ሲራራ ነጋዴዎቹ በብዛት ጀበርቲዎች፣ ማለት ሙስሊሞች ነበሩ። ፈንጋዮቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ፣ ይልቁንም ከ1890ዎቹ ጀምሮ፣ የክርስቲያን መኳንንት ወታደሮች ናቸው። የማጂ አገር ምድረ በዳ የሆነው በእነርሱ ዘመቻ ነው። ገዢው ግን የሁለቱም ሃይማኖት ሰው ነበር። ስለዚህ አንዱ ወገን ሌላውን እያመለከተ ራሱን ነጻ የሚያደርግበት ታሪክ አይደለም።

ንግዱን የሚከለክል አዋጅ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጀምሮ ወጥቷል። አዋጁ ግን በነጋሪት ተጎስሞ በነጋሪት ያልቅ ነበር። ያወጀው ንጉሥ ራሱ ካልጠየቀ የሚጠይቅ ሌላ ማንም አልነበረምና።

መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር በጄኔቫ ሲቋቋም ነገሩ መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1922 የኒውዚላንድ ተወካይ ባርነት በዓለም ላይ፣ በተለይም በኢትዮጵያ፣ ያለበት ሁኔታ እንዲመረመር በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ጠየቀ። በዓመቱ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አገራቸው አባል እንድትሆን አመለከቱ። ፈረንሳይ ደገፈች፤ እንግሊዝ አመነታች፤ ክርክሩ በአብዛኛው በባርነትና በጦር መሣሪያ ንግድ ላይ ነበር። በመጨረሻም በደጃዝማች ናደው አባ ወሎ የተመራው መልእክተኛ ቡድን አገሩን ወክሎ፣ በ1919 በሳን ዠርመን የተፈረሙት ስለ ባርነትና ስለ ጦር መሣሪያ የሚናገሩ ውሎች ኢትዮጵያን እንደሚያስሯትና ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ መግለጫ ሲጠይቃት እንደምትሰጥ በፊርማው አረጋገጠ። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923) ኢትዮጵያ በሙሉ ድምፅ አባል ሆነች። ድምፅ ከሰጡት አገሮች አንዷ ኢጣሊያ ነበረች።

እዚህ ላይ አንባቢ «ጠያቂዎቹስ ማን ነበሩ?» ቢል ተገቢ ነው። በዚያው ጊዜ ፈረንሳይ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ሰውን በግዳጅ ታሠራ ነበር፤ ይህን በሕግ የሻረችው ገና እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ፖርቱጋልም ከዚህ የተሻለች አልነበረችም። የግዳጅ ሥራን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ለጥቁሩ መንግሥት የቀረበው ጥያቄ ለነጩ አልቀረበም። ይህ አድልዎ ነው፤ አድልዎም መሆኑን ሳንሸፋፍን እንናገራለን። ነገር ግን ዳኛው አዳይ መሆኑ የተሸጠችውን የማጂ ልጅ ነጻ አያደርጋትም። ጥያቄው ለእርሷ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

ከዚያስ ምን ሆነ? በስድስት ወር ገደማ፣ መጋቢት 22 ቀን 1916 ዓ.ም፣ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። ጌታው የሞተበት ባሪያ ቢበዛ በሰባት ዓመት ውስጥ ነጻ እንዲወጣ ተደነገገ፤ ይህ ጊዜ በ1923 ዓ.ም ወደ አንድ ዓመት አጠረ። ጉዳዩን የሚያዩ ዳኞች በየአውራጃው ተሾሙ። በ1924 ዓ.ም ሎርድ ኖኤል በክስተንና ሎርድ ፖልዋርዝ የተባሉ የእንግሊዝ ፀረ ባርነት ማኅበር ሰዎች አዲስ አበባ መጥተው ሲጠይቁ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባርነትን ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈጽመው እንደሚያጠፉ ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ቀድሞ በነጋሪት ብቻ ያልቅ የነበረው ነገር አሁን ወደ ጄኔቫ መግለጫ የሚላክበት ጉዳይ ሆነ።

መንግሥት ይህን ያደረገው ለነጻነት ፍቅር ብቻ ነው ብንል እናጋንናለን። የመሣሪያ ጉዳይ ነበረበት፤ ባርነትን ያልከለከለ አገር ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ ማስገባት ይከብደዋል። የማዕከል ጉዳይም ነበረበት፤ በከፋና በማጂ እንደልባቸው የሚፈነግሉትን መኳንንት ሽሮ የራስን ሹም ለመላክ «ለዓለም ቃል ገብተናል» ከማለት የተሻለ ምክንያት አይገኝም። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያርፉ የጅማ ራስ ገዝነት ያከተመውም በዚሁ ሥልጣንን ወደ አዲስ አበባ የመሰብሰብ ዘመን ነው። በሌላ በኩል አዋጁ ከከተማ በራቀ ቁጥር ይደክም ነበር፤ አስፈጻሚው ሹም ራሱ ባለባሮች ነውና። ንግዱ ከአደባባይ ወደ ሌሊት ተሻገረ እንጂ አልቆመም።

ታዲያ ይህ ምን ለውጥ ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከአደባባይ ወደ ሌሊት መሸሹን ትንሽ ነገር አድርገን አናየውም። ሰው የሚደብቀው ወንጀል መሆኑን ያወቀውን ነው። እስከዚያ ድረስ በሂርማታ ሰው የሸጠ ነጋዴ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም፤ ዋጋውን እንደ ጨው አሞሌ በግላጭ ይከራከር ነበር።

ጋሻና ሰይፍ

የጄኔቫው ፊርማ የአገሪቱን እጅ ያሰረውን ያህል ለአገሪቱም ጋሻ የሆነበት ጊዜ ነበር። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም እንግሊዝና ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ፣ እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ግድብ እንድትሠራ፣ ኢጣሊያ ደግሞ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋና በምዕራብ የኢኮኖሚ ጥቅም እንዲኖራት በደብዳቤ ተስማሙ። ራስ ተፈሪ በሰኔ 1918 ዓ.ም ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። አቤቱታው በዓለም ጋዜጦች ላይ ሲወጣ ሁለቱ ኃያላን ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም እያሉ ማስተባበያ መጻፍ ግድ ሆነባቸው፤ ስምምነቱም በተግባር ሳይውል ቀረ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰም። ከሦስት ዓመት በፊት አባል ባትሆን ኖሮ ይህን አቤቱታ ማን ይቀበላት ነበር?

በ1927 ዓ.ም መጨረሻ ግን ያው ሕግ ሰይፍ ሆኖ ተመዘዘባት። ሙሶሊኒ ለወረራው ሲዘጋጅ መንግሥቱ ለማኅበሩ ባቀረበው ሰነድ፣ ኢትዮጵያ ስለ ባርነት የገባችውን ቃል ስላልፈጸመች ከሌሎች አባሎች እኩል ልትታይ አይገባም ሲል ከሰሰ። አባል እንድትሆን ድምፅ የሰጠ መንግሥት የቃሏን ጉድለት ለወረራ ምክንያት አደረገው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ጦሩ መረብን ተሻገረ። እርሱ ራሱ ፈርሞ ያጸደቀውን፣ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ጥሶ ይፔሪት የተባለውን መርዝ ከአውሮፕላን አዘነበ። የማኅበሩ ምክር ቤት በአራተኛው ቀን ኢጣሊያ ሕግ ጥሳ ጦርነት መጀመሯን አወጀ፤ የንግድ ማዕቀብም ተጣለ። ነገር ግን ነዳጅ ከማዕቀቡ ተነጥሎ ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች፤ ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ቆመው አቤት አሉ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ። ወጣቶቻችን «ጉልበተኛን የሚያስር ሕግ የለም» ሲሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

ጅማንም ጣሊያን በደቡብ ምዕራብ ላቋቋመው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። «ባሪያ ነጻ አወጣን፣ ለእስልምና ቆምን» የሚለው ስብከት በዚሁ ከተማ ተሰብኳል፤ መስጊድም ተሠርቷል። ከአባቶቻችን የተቀበሉት ነበሩ፤ ለምን እንደተቀበሉ ማስተዋል ይገባል፤ ከፊታቸው የነበረው መንግሥት በሃይማኖታቸው ምክንያት እኩል ያላያቸው ነበርና። ሆኖም ያው ፋሺስት በሊቢያ የሙስሊሙን ሽማግሌ ዑመር አል-ሙኽታርን እ.ኤ.አ. በ1931 የሰቀለ መሆኑን የሰማ ስንቱ ነበር?

ይህ ሁሉ ሆኖ ሕጉ ጨርሶ አልሞተም። ሜክሲኮን የመሰሉ ጥቂት አገሮች ወረራውን አናውቅም ብለው ጸኑ፤ በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ ስም መታሰቢያነቱ ለዚሁ ነው። እንግሊዝ በ1938 ዕውቅና ሰጥታ የነበረውን በ1940 ኢጣሊያ ጦርነት ስትከፍትባት አነሣች፤ ይህንኑ ሕግን የማክበር ፍቅር ነው ልንለው አንችልም። ጅማ በሰኔ 1933 ዓ.ም ነጻ ወጣች። በዓመቱ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም፣ ባርነት በአዋጅ ቁጥር 22 ፈጽሞ ተሻረ። «ከ15 እስከ 20 ዓመት» የተባለው በአሥር ዓመት ተፈጸመ ማለት ነው። በጄኔቫ የተሰጠው ቃል ያንን ሁሉ ውርደት አልፎ፣ ቃሉን የተቀበለው ማኅበር ራሱ ከተዳከመ በኋላ እንኳ፣ መንግሥቱን ሲከተለው ኖረ። ኢጣሊያ በዚያ ነጥብ ዳግም ልትከስሰን የምትችልበት በር እንዳይኖር የሚፈልግ መንግሥት ነበር የሻረው።

ጄኔቫን ለምን ጠበቅን?

እስካሁን የጻፍነው ስለ መንግሥታት ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። በሂርማታ የቆመው ነጋዴ ሶላቱን የሚሰግድ ሰው ነበር። የሐበሻው ልጅ ቢላል በአቡ በክር (ረ.ዐ.) ገንዘብ ነጻ መውጣቱን ያውቃል። ነጻ የሆነን ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ባላጋራው እንደሚሆን በሐዲስ ተነግሮታል። በስሕተት ነፍስ ላጠፋ፣ መሐላውን ላፈረሰ የተደነገገው ከፋራ ባሪያን ነጻ ማውጣት መሆኑን፣ ከስምንቱ የዘካ ድርሻዎች አንዱ ለዚሁ መመደቡን፣ ሱረቱል በለድ የዳገቱን መንገድ ሲገልጽ አስቀድሞ የጠቀሰው ይህንኑ መሆኑን የሚያስተምሩ ሊቃውንት በአካባቢው ሞልተው ነበር። ከማጂ በሌሊት ወረራ የተነጠቀ ሕፃን በየትኛው የፊቅህ መጽሐፍ ነው ሸቀጥ የሚሆነው?

የሃይማኖቱ በር ወደ ነጻነት እንጂ ወደ ሌላ እንዳልተከፈተ ያሳዩ ሙስሊም መሪዎች ነበሩ። የቱኒሱ አሕመድ ቤይ እ.ኤ.አ. በ1846 ባርነትን በአገራቸው ሲሽሩ፣ ለዑለማእ በጻፉት ደብዳቤ ባሮቹ በሕጋዊ መንገድ የተያዙ መሆናቸው አጠራጣሪ እንደሆነ፣ ጌቶቻቸውም ሸሪዓው ያዘዘውን አያያዝ እንደማይፈጽሙ ገለጹ፤ የሐነፊና የማሊኪ ታላላቅ ዑለማእም ደገፏቸው። ይህ የሆነው ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ከመሻሯ ሁለት ዓመት፣ አሜሪካ ከመሻሯ 19 ዓመት ቀድሞ ነው። በተቃራኒው ሳውዲ ዓረቢያ የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1962፣ ሞሪታኒያ በ1981 ነው። ኪታቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገበያው ላይ ነው። የሂርማታ ትርፍ የብዙ ሰው አፍ ዘግቶ ነበር፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

ቅሪቱ ዛሬም አለ። በ1934ቱ አዋጅ ነጻ ከወጡት ብዙዎቹ መሬት ስላልተሰጣቸው በዚያው በጌቶቻቸው ደጅ ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከጌራ እስከ ሰቃ፣ ኒካሕ ሲታሰብ «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎ በሹክሹክታ የሚጠየቀው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከዳውሮ በኩል የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ የሚጠሩበትን ስድብም ሰምተናል። ኢትዮጵያ የግዳጅ ሥራን የሚከለክለውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች፤ ይህን ስድብ የሚሽር ስምምነት ግን በጄኔቫ አይፈረምም። በመስጊድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመን፣ ከሶላት በኋላ ልጃችንን ለዚያው ጎረቤታችን የምንከለክልበትን ምክንያት በሸሪዓ ማስረዳት የሚችል ካለ ጽፎ ይላክልን።

ከአጋሮ ወደ ጂዳ

ድሮ በግድ የተሻገሩበትን ባሕር ዛሬ ሴት ልጆቻችን በፈቃዳቸው፣ ወላጅ ቡናውን ወይም በሬውን ሸጦ ከፍሎላቸው ይሻገሩታል። ሁለቱን አንድ ነው አንልም። ነገር ግን አሠሪ ፓስፖርቷን ወስዶ የቆለፈባት፣ ደሞዟን የያዘባት፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ሥራ መቀየርም አገሯ መመለስም ያልቻለች ልጅ ምን ተብላ ትጠራ? የመንግሥታት ቃል እዚህ ላይም ይፈተናል። የቤት ሠራተኞችን መብት የሚያስጠብቀው ስምምነት ቁጥር 189 እዚያው ጄኔቫ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፤ የባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገሮች እስከ 2024 ድረስ አላጸደቁትም። ያልፈረመ መንግሥት በዚያ ውል አይጠየቅም።

በኅዳር 2006 ዓ.ም ሳውዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መንግሥት ከዚያው ትንሽ ቀደም ብሎ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው ግን ልጆቹን በጅቡቲና በየመን በኩል ለደላላ አሳልፎ ሰጣቸው። ነገሩ መልክ የያዘው ውል ሲመጣ ነው። በ2008 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም ከሳውዲ ጋር የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነት ተፈረመ። በአዋጁ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለች አትላክም፤ የቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ደላላ ለቪዛ ብሎ ከወላጅ የሚቀበለው ገንዘብ እንግዲህ ምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ባለፈው ዓመት አንድ የአጋሮ አባት፣ ልጃቸው ወደ ጂዳ ልትሄድ የተሰጣትን የሥራ ውል አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘው መጥተው «ኡስታዝ፣ እስቲ አንብቡልን» አሉን። በዓረብኛና በአማርኛ የተጻፈ ሦስት ገጽ ነው። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ መድረሳም ገብታለች፤ ዓረብኛውን ፊደል በፊደል ታነበው ነበር፤ ትርጉሙ ግን አልመጣላትም። ከደሞዙና ከዕረፍቱ ቀን ቀጥሎ፣ ፓስፖርቱ በሠራተኛዋ እጅ እንደሚቆይ የሚናገር አንቀጽ አለበት። አማርኛውን ስናነብላቸው አባትየው ዝም ብለው አዳመጡ። ልጅቱ ግን ወረቀቱን ወደ እኛ መልሳ ገፋችና፣ በዓረብኛው ያቺ መስመር የትኛዋ እንደሆነች አሳይተን በቀይ እስክሪብቶ እንድናሰምርላት ጠየቀችን።